ሰማንያ አራቱ የልጄ ተክሎች

ኅዳር 4

ሁለት የተማሪ ሸሚዝ ጨረስኩ። የሦስተኛውን ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁት። እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት። ተውኩት፣ ለዛሬ ይበቃል።

ስልክ ጮኸ። ያቺ ልጅ ናት። ሦስተኛ ቀኗ ነው። አላነሳሁም። የልጄ አባት ከውጭ ሰምቶ አንሺው እንጂ አለ። ምን ልበላት? እሱም አላወቀም። እጁን ሊታጠብ ገባ። የመኪና ዘይቱ እስኪለቅለት ድሮም ይቆያል... ሰሞኑን ግን ዘይቱ ከለቀቀ በኋላም ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። እዚያ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። አላንኳኳም።

ኅዳር 6

ልብስ ስፌት ሱቄ ድረስ መጣች።

ልጄ "ቆጣሪዋ" ነበር የሚላት። የአንድ ቅርንጫፍ ቅጠል ሳትቆጥር አታልፍም፣ የመብራት ቆጣሪም እንደሷ አይቆጥርም ይል ነበር። በሩ ላይ ቆማ "እንደምን ነዎት እናቴ" አለች። እናቴ... ማን እናቷ አደረገኝ?

አብራው ነበር የምትማረው። ባዮሎጂ፣ አራተኛ ዓመት። የመመረቂያ ጥናታቸውን ለሁለት ነው የሚሠሩት። የወንዝ ዳር ዕፅዋት እየለቀሙ፣ በጣውላ እየጫኑ፣ እያደረቁ፣ ስማቸውን እየለዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ሰማንያ አራት ተክል። ተክሎቹን ፈልጋ ነው የመጣችው። ጥር መጨረሻ ላይ ማስረከብ አለባት።

እኔ ዘንድ የለም አልኳት። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወስዷቸው ይሆናል።

ዋሸሁ። አጎንብሼ ክር በመርፌ እያስገባሁ ዋሸሁ። ክሩ በአንዴ ገባ።

እሺ ብላ ሄደች። ከስታለች።

ኅዳር 7

ለምን ዋሸሁ?

ኅዳር 11

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። እዚህ ከራሴ ጋር ነኝ፣ ልጻፈው።

ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። የትምህርት ክፍላቸው ሕግ ነው፣ ማንም ብቻውን አይወጣም። እንዳልሰጋ ብሎ ራሱ ነው የነገረኝ። መስከረም 18 ግን ብቻውን ሄደ። ዝናብ ነበር። ድንጋዩ አዳለጠው። አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው ያገኙት።

እሷ የት ነበረች? ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ አየኋት። ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋት። አሁን ደግሞ መጥታ ተክሎቹን ትላለች። እሷ ትመረቅ፣ የኔ አፈር ውስጥ ይቅር?

አልሰጥም።

ደግሞስ በወጉ የያዝኳቸው እኔ ነኝ። በቀብሩ ሰሞን ሊያጽናኑን የሚመጡት ሲበዙ ክፍሉን ላሰናዳ ገባሁ። ተክሎቹ በአሮጌ ጋዜጣ መሃል፣ በሁለት ጣውላ ተጭነው፣ በገመድ ታስረው ነበር። ጋዜጣው ቡናማ ሆኗል፣ ቆሽሿል። የልጄ ሥራ እንዲህ ባለ ወረቀት ይቀመጥ? ነጭ ወረቀት ገዛሁ። አንድ በአንድ አዛወርኳቸው። ሰማንያ አራቱንም። አንድ ቅጠል አልተሰበረብኝም። እጄ ለስስ ነገር የሠለጠነ ነው።

እሱ ከሄደ ወዲህ በደንብ የሠራሁት አንድ ነገር ይህ ነው።

ኅዳር 19

መምህሩ መጣ። የጥናታቸው አማካሪ። ሽማግሌ ነው፣ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልነካውም።

ስለ ልጅቷ ነው የመጣው። ለምኖኝ ሳይሆን ነግሮኝ ነው የሄደው። ተክሎቹ ካልተገኙ ጥናቱ ቀረ። ሌላ ጥናት ከባዶ ትጀምራለች፣ ሌላ ሁለት ዓመት። ቤተሰቧ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ አይደለም፣ ትምህርቱን ትታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ካለቀ ግን የልጄም ስም ከሷ እኩል ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ተስማምተንበታል አለኝ። ሰማንያ አራቱም ባይሟሉ ሰባ አምስት ይበቃል። ከዚያ በታች ግን አይሆንም።

ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ አለ። ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀጠለ።

"ተክሉ ብቻውን ጭራሮ ነው" አለ። "የት ተለቀመ፣ መቼ ተለቀመ... እሱ ነው ዋጋው። ዝርዝሩ ልጅቷ ደብተር ላይ አለ። የእያንዳንዱን ቁጥር ግን ልጅዎ ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ነው የጻፈው።"

ጋዜጣው ጠርዝ ላይ።

እፈልጋለሁ አልኩት። በር ድረስ ሸኘሁት።

ኅዳር 20

ጋዜጦቹን ሱቅ ነው የወሰድኳቸው። ለልክ። ኮሌታም ሆነ እጅጌ፣ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ልኩን ጋዜጣ ላይ ቆርጬ ነው የማወጣው። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት። ያ ሁሉ ጋዜጣ ከሚጣል ብዬ...

ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ቆጠርኩ። ስልሳ አንዱ እንዳለ ነው። ሃያ ሦስቱን ቆርጫቸዋለሁ። ምስማሩ ላይ ተሰቅለዋል፣ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ የኪስ ክዳን። ቁርጥራጩ ግማሹ ተጠርጓል።

ጠርዙ ላይ የሱ እጅ። ቁ. 17። ቁ. 52። እንዴት አላየሁትም? እርሳስ ስለሆነ ደብዝዞ ነው... አይ። ያኔ ምንም አላይም ነበር።

ስልሳ አንዱስ ቢኖር? የትኛው ተክል ከየትኛው ጋዜጣ እንደወጣ ማን ያውቃል? የለያየኋቸው እኔ ነኝ። በነጭ ወረቀት።

ኅዳር 22

ለአባቱ ነገርኩት። ጋራዥ ሄጄ። መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፣ እግሩን እያየሁ ነገርኩት። ፊቱን ካላየሁ ይቀለኛል ብዬ። መፍቻው ሲዞር ብቻ ይሰማል።

"ንገሪያት" አለ በመጨረሻ።

ብታብድስ አልኩት።

"ትበድ። መብቷ ነው።"

ከመኪናው ሥር አልወጣም። እኔም ውጣ አላልኩም።

ኅዳር 26

አልነገርኳትም።

ጋዜጦቹን ቤት አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጽሕፈቱን ላየው ብዬ ይሆናል። መስኮቱ በኩል ብርሃን ሲያርፍበት ነው ያየሁት። ተክሉ ተጭኖ ሲደርቅ ጥላውን ጋዜጣው ላይ ጥሎበታል። ቡኒ፣ ሳሳ ያለ። ግንዱ የታጠፈበት ሳይቀር። ቆሻሻ ያልኩት እሱ ነው።

ባለ መስመር ጨርቅ ሲመጣልኝ የኪሱን መስመር ከደረቱ መስመር አገጥመዋለሁ፣ ኪሱ ያለ እስከማይመስል። ይህም ያው አይደለም? ሠላሳ ዓመት ይህን ነው የሠራሁት።

አንዱን ተክል አነሳሁ። ስድስተኛው ጋዜጣ ላይ ቁጭ አለ። እንደ ልኩ።

እስኪመሽ ዘጠኝ ገጠምኩ።

ታኅሣሥ 1

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄድኩ። በሱ ጊዜ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። ዘበኛው ማንን ነው አለኝ፣ የሱን ስም ልጠራ ነበር።

ደረቅ ዕፅዋት የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አገኘኋት። እስከ ጣሪያ ቁም ሣጥን ነው። የብል መድኃኒት ይሸታል። ቆሜ ጥፋቴን ሁሉ ነገርኳት። መዋሸቴንም።

"ሰማንያ አራቱንም?" አለች።

ሁሉንም አልኳት።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ዓመት አለች። ደግማ፣ ሁለት ዓመት። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ማን ንኪ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የልጄ ነው አልኳት። "የሁለታችን ነው" አለች።

ያኔ ነው ጥያቄው ከአፌ የወጣው።

"አንቺስ የዚያን ቀን የት ነበርሽ?"

ተቀመጠች። ከዚያ ነገረችኝ። አርባኛው ተክላቸው ቅጠል ብቻ ነበረው፣ አበባ የለውም። አማካሪው አበባ ከሌለው አልቆጥረውም ብሏል። ልጄ ዛሬውኑ ሄደን እናምጣ አለ። እሷ ዝናብ ነው አለች። ተጨቃጨቁ።

"አትሂድ አልኩት" አለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። "አይ። እውነቱን ልንገርዎት። አትሂድ አላልኩትም። ጀግና ከሆንክ ሂድ ነው ያልኩት።"

ጥያት ወጣሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መንገድ ላይ ስደርስ ቦርሳዬ እጄ ላይ የለም። አልተመለስኩም።

ታኅሣሥ 2

መርፌ አልያዝኩም።

ታኅሣሥ 5

አራት ቀን ሙሉ ይህንኑ ነው የማስበው። ጀግና ከሆንክ ሂድ... ይህን ያለ ሰው እንዴት ይተኛል?

እኔስ?

የዚያን ቀን ጠዋት የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ነጭ። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ዝናቡ ገባ። "በሩን ዝጋው፣ ጨርቄ ሊረጥብ ነው" አልኩት። ቀና አላልኩም። ወዴት ነህ አላልኩም። ዘጋው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለአባቱም።

ታኅሣሥ 7

ቦርሳዬን ይዛ መጣች። በር ላይ ሰጥታኝ ዞረች።

"ዘጠኝ ገጥሜያለሁ" አልኳት ከኋላዋ።

ቆመች። ምን ዘጠኝ አለች። ግቢና እዪው አልኳት።

ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። ከኪሷ አጉሊ መነጽር አወጣች። አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ትንፋሿን ይዛ። አንዱን አንስታ ወደ ጎን አደረገችው። ይህ ልክ አይደለም፣ ጥላው ሰባት ቅጠል አለው፣ ተክሉ ስምንት ነው አለች። ተናደድኩ። ቆጠርኩት። ስምንት ነው።

ከዘጠኙ ስምንቱ ልክ ሆኑ። ልጄ አልተሳሳተም፣ እውነትም ቆጣሪ ናት።

ስትወጣ፣ ቅዳሜ ልምጣ ወይ አለች። ነይ አልኳት። ይቅር አላልኳትም። እሷም እኔን ይቅር አላለችኝም። ቅዳሜ ግን ትመጣለች።

ታኅሣሥ 14

ሃያ ስድስት።

እኔ ጥላውን አገኛለሁ፣ እሷ ትቆጥራለች። ከዚያ ቁጥሩን ታነባለች፣ ደብተሯ ላይ ታመሳክራለች። ብዙ አንነጋገርም።

ታኅሣሥ 21

አርባ ሦስት።

ቁጥሩ ሲጠፋት ወደ ብርሃን እያዞረች ታማርራለች። የልጅዎ ጽሕፈት እኮ ዶሮ የጫረው ነው አለችኝ። ከማን ይማር፣ የኔን አላየሽም አልኳት።

ቁ. 29 ጠርዝ ላይ ከቁጥሩ ሥር አንድ ነገር ጽፏል። ሁለታችንም ተጠግተን አነበብነው። "ሽታው የአጎቴ ካልሲ።" ሳቅን። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ካልሲውንም አውቀዋለሁ። ከዚያ ሳቄን ሰማሁትና ደነገጥኩ። ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው። ቁ. 30 ብላ ቀጠለች።

ታኅሣሥ 28

ሙሉዎቹ አለቁ። ስልሳ። ስልሳ አንደኛው ያ አርባኛው ተክል ነው፣ አበባ ስለሌለው አልቆጠርነውም።

አሁን የቆረጥኳቸው ቀሩ።

ጥር 3

ኮሌታ ከእጅጌ፣ እጅጌ ከቁርጥራጭ እያገናኘሁ። ጋዜጣውን ጽሑፉን እያነበብኩ ነው የማገጥመው፣ የግማሽ ሰው ፎቶ ከሌላው ግማሽ። እንደ መርዶ የሚከብደኝ መቀሱ የሄደበት መስመር ነው። እንዴት ቀጥ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም ነበር።

አንድ የኪስ ክዳን ጎደለ። ፊት ለፊት ላለው ሱሪ ሰፊ አበድሬው ነበር። ሮጥኩ። ለኪስ ክዳን ሰው እንዲህ ይሮጣል ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ለዚህኛው ይሮጣል አልኩት። ጀርባው ላይ ቁ. 63።

ሰባ አንድ።

ጥር 5

ሰባ አራት። አንድ ብቻ።

ጥር 7

የቀረው ቁራጭ አንድ ነው። ቁ. 71። ጥላው ግማሽ። የሚሆኑት ደግሞ ሁለት ሣሮች፣ ልክ መንትያ። አንዱ የዚህ ነው። የሌላው ጋዜጣ ከነቁጥሩ ተጠርጓል።

የላይኛውን አነሳሁ። ጥላው ላይ አስተኛሁት። ተኛ። የታችኛውንም ሞከርኩ... እሱም ተኛ።

ይህ ነው ብላት ታምነኛለች። አሁን በዓይኔ ታምናለች፣ እሷ የምትቆጥረው እኔ ካገኘሁ በኋላ ነው። ሣሩ ደግሞ የሚቆጠር ቅጠል የለውም። አንድ ቃል ብቻ። ሰባ አምስት ይሞላል። የሱ ስም ሽፋኑ ላይ ይወጣል።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለች።

አንድ ጣቴ ሣሩ ላይ ነበር። ቆየሁ። እሷም ጠበቀች፣ አልገፋችኝም። ነው በይ፣ ነው በይ እላለሁ ለራሴ።

"አይደለሁም" አልኳት።

ሁለቱንም አንስታ ወደ ጎን አደረገቻቸው። ሰባ አራት ብላ ጻፈች።

ጥር 10

አብሬያት መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ሰባ አራቱን አየ። የገጠምናቸውን ጋዜጦች በጣቱ እየተከተለ፣ ይህን በሕይወቴ አላየሁም አለ። ግን ሰባ አምስት ነው ሕጉ። የጠፉትን እንደገና እንዳትለቅም ወቅቱ አልፏል፣ ሜዳው ደርቋል፣ ዝናብ እስኪመጣ የሉም። አርባኛው ተክል ብቻ ነው ውሃ ዳር ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ።

አርባኛው። ልጄ የሄደለት።

ልጅቷ እሄዳለሁ አለች። ብቻሽን አትሄጂም አላት። ጓደኞቿ ሁሉ የየራሳቸውን ጥናት ሊያስረክቡ ተወጥረዋል።

"እኔ አለሁ" አልኩ።

እርስዎ? አለ።

"ሕጉ ሁለት ሰው ነው የሚለው። ተማሪ ይሁን ይላል?"

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። ብዙ ጠረገው። ከዚያ ፈረመ።

ጥር 11

አባቱ አላናገረኝም።

ጥር 12

አሁንም።

ጥር 13

ጠዋት ስወጣ መኪና በር ላይ አቁሟል። የደንበኛ መኪና፣ ከሞተሩ ጋር ሦስት ሳምንት ሲታገል የነበረው። አደርሳችኋለሁ አለ። እኔ ግን ከመኪና አልወርድም አለ።

አልወረደም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀረ። እኛ በእግር ገባን።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ትልቅ ገደል ነበር የመሰለኝ። አራት ወር ሙሉ በሐሳቤ ትልቅ ገደል ነበር። የሁለት ሰው ቁመት አይሞላም። ሥሩ ቀጭን ውሃ። ይህ ነው? ለዚህ ነው? ማንም ልጅ ተጫውቶበት የሚወርድ ድንጋይ...

ተክሉ ታች ውሃው ዳር ሞልቷል፣ ቅጠል ብቻ። አበባው ላይ ነው፣ የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ። ሰማያዊ። የሸሚዝ ቁልፍ ቢያህል ነው።

ቦርሳዋን አውርዳ ለኔ ሰጠችኝ። ድንጋዩን በእግሯ ሞከረችው። እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ይዞታል። ሦስት እርምጃ ናት አለች። ቀና ብላ ቆጠረች፣ አሁንም ቆጠረች። የመጀመሪያውን ወጣች። ሁለተኛውን ስትረግጥ ጫማዋ ተንሸራቶ ያዘ። ድምፁን ሰማሁት።

"ውረጂ" አልኳት።

"ደርሻለሁ እኮ እናቴ። አንድ ነው የቀረኝ።"

"ውረጂ።"

"ያለሱ እንደማይቀበሉኝ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። ይቅር። ውረጂ ልጄ።"

አበባውን አየችው። ክንዷን ብትዘረጋ ሊደርስ ነበር ማለት ይቻላል። እኔም አየሁት። የሁለት ዓመት ሥራቸው እዚያች ላይ ናት፣ የስሙም ነገር። ምላሴን አልያዝኩም፣ ለአራተኛ ጊዜ ውረጂ አልኩ።

ወረደች።

የእጇን አንጓ ያዝኩ። የደም ሥሩ ይመታል፣ የሷ ይሁን የኔ አልለየሁትም። እስከ መኪናው አልለቀቅኳትም። መንገዱ ላይ ሁለታችንም አለቀስን፣ ጎን ለጎን፣ ሳንተያይ። ያን በሩን ዝጋው ያልኩትንም ነገርኳት። እጇን አልወሰደችም።

አባቱ ሁለት ሆነን ስንመጣ አየ። ባዶውን ቦርሳ አየ። ማርሹን ሊያስገባ ፈልጎ አልገባ አለው። ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ የሆነ ሰው።

ጥር 28

ዛሬ ጥናቱን አቀረበች። አባቱና እኔ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ላይ ጠበቅን። እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት ግን እንዳለ ነው፣ ጠዋት ቶሎ ነው ታጥቦ የወጣው።

በበሩ ድምፅዋ ይሰማል። ጋዜጦቹ እንዴት እንደተለያዩ ተናገረች። ማን እንደለያያቸውም። ሣሮቹንም፣ ድንጋዩንም፣ ውረጂ መባሏንም። አንድ ሰው፣ እዚያ ድረስ ተሄዶ ለምን ባዶ እጅ ተመለሳችሁ አላት። የምትመልሰው አልሰማሁም። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። የሚገመግሟት ሁሉ ዞሩ። መምህሩም አለ።

"ያስወረድኳት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷን አትጠይቋት።"

ከዚህ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ዘግቼው ወጣሁ። አባቱ ክንዴን ያዘኝ።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወጣች። ቆማ ነገረችን። ሰባ አራት አይበቃም ብለዋል። ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ግን ከባዶ አትጀምርም፣ ሰባ አራቱን ተቀብለዋቸዋል። ዝናብ ሲጥል የጠፉትን ከሜዳው ትለቅማለች፣ አንዱ ቢገኝ ይበቃል። የልጄም ስም ሽፋኑ ላይ ይቆያል። እስከዚያ ድረስ የመምህሩን ክፍል ዕፅዋት እያደራጀች ትሠራለች።

"ስንት ወር ነው?" አላት አባቱ።

አምስት አለች።

ራሱን ነቀነቀ። መኪና እንደሚፈልግ፣ ያ የደንበኛው እንዳይሆን፣ ፍሬኑ እንደማያስተማምን ተናገረ። ብዙ ተናገረ። ይህን ያህል ሲናገር ከሰማሁት ቆይቷል።

እኔ ፊቷን ነበር የማየው።

"ተናደድሽብኝ?" አልኳት።

"በጣም" አለች።

ደረጃውን ወረድን። ግማሽ ላይ ስንደርስ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፣ ርቦኛል አለች።

ቤት ይዘናት መጣን። አባቱ ጠረጴዛውን ያሰናዳል፣ እሷ ገና ፊቷን አኩርፋ ተቀምጣለች። ድንች እየላጥኩ ነው። ውሃው ፈላ፣ ልተው።